በዕድር ደብተሩ ጀርባ

ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ሌሊት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል፣ አሥርም ሊሆን ይችላል፤ ሳይመጣ የሚነጋበት ማክሰኞም አለ። ስለዚህ በእኛ ሕንፃ ማክሰኞ ሌሊት እንቅልፉን የሚጨርስ ሰው ጥቂት ነው። ቢጫ ጀሪካኖች መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተደርድረው፣ ቧንቧው ተከፍቶ፣ ከሥሩ ባልዲ ተደቅኖ እንጠብቃለን። ውሃው ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው ንግግር ሊጀምር እንደተነሣ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ያን ድምፅ ቀድሞ የሰማ ሰው ግድግዳ መትቶ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል። በዚህ ሰፈር ከቀሩን የጉርብትና ወጎች አንዱ ይህ ነው።

እኔ የምጽፈው በእነዚህ ሌሊቶች ነው። ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ነው፤ በኦሮምኛ "ቀይ ኮረብታ" ማለት ነው። ከበረንዳችን ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ የክፍያ ጣቢያ መብራት ይታያል። ከተማው እዚህ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሄደው የጭነት መኪና ብቻ ይመስላል። ቀን ቀን የማተሚያ ቤት የእርማት ሠራተኛ ነኝ፤ የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ሳቃና ውዬ ማታ የራሴን አጣምማለሁ። የጻፍኩትን ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች እንዲያነቡት አወጣዋለሁ። ለምን እንደማወጣው ታላቅ ወንድሜ በቁጣ እስኪጠይቀኝ ድረስ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተነሣው ከአባታችን የዕድር ደብተር ነው።

አባቴ ባለፈው ሐምሌ አረፈ። ከአርባው በኋላ ልብሱን ለሰው ለመስጠት ስንለይ፣ ከኮቱ የውስጥ ኪስ የዕድር መክፈያ ደብተሩን አገኘሁ። ሽፋኑ በፕላስቲክ ተለብጧል፤ ጥጎቹ ከመታሸት ብዛት ጠቁረዋል። ውስጡ እንደማንኛውም የዕድር ደብተር ነው፦ ወር፣ መዋጮ፣ የገንዘብ ያዡ ፊርማ። አንድም ወር አላለፈውም። ከኋላ ባዶ በቀሩት ገጾች ላይ ግን፣ የጉንዳን ሰልፍ በመሰለ ደቃቅ ጽሕፈቱ፣ ከዕድሩ ጋር የማይገናኙ ነገሮች ተጽፈዋል። መጀመሪያ ቀን፣ ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንዳንዴም አንድ ቃል። "ልጅቷ አመሸች።" "ጉልበቴ።" "ዝናብ፤ ቤት ዋልኩ።" "ልደታ ሄጄ ቤታችን የነበረበትን አጣሁት።" ከሁሉም ደጋግሞ የመጣው ሁለት ቃል ነበር፦ "ዛሬ ደከመኝ።"

አባቴ ደከመኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ለዓመታት አብረን ስንወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ይልና የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቅ ነበር። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ ሁልጊዜ የግራ እግሩን። እኔ አፌን ሞልቼ "አባዬ፣ ይህን ማሰሪያ ለምን አትቀይረውም?" እለው ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም አዲስ ማሰሪያ ገዝቼለት መጣሁ። አመስግኖ ተቀበለኝ፤ አሰረውም። በማግስቱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጎንበስ አለ።

ይህን ጻፍኩት። ማሰሪያውን፣ ደብተሩን፣ "ዛሬ ደከመኝ"ን። ከዚያ በፊት የምጽፈውን የሚያነብልኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ይህኛው ግን ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ሱሉልታ ደረሰ፤ ወንድሜ የሚኖረው እዚያ ነው። ከተማው ሁለታችንንም ወደ ዳር ገፍቶናል፤ እሱን ወደ ሰሜን፣ እኔን ወደ ደቡብ። ደወለልኝ።

"የአባታችንን ገመና ለአላፊ አግዳሚው ሰጠሽው" አለኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ ምን ገመና አለው? ደከመኝ ማለት ነውር ነው እንዴ?"

"ነውር ባይሆን ኖሮ ጮክ ብሎ ይለው ነበር። ሸሽጎ የጻፈው እንዳታነቢው ነው። አንቺ ማንበብሽ ሳያንስ አደባባይ አወጣሽው። እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል፤ ቆይ ታያለሽ።" ስልኩን ዘጋ።

ስለ "እዩኝ እዩኝ" አልዋሽም። ጽሑፉ የወጣ ዕለት፣ የአንድ የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ እርማት ፊቴ ተዘርግቶ ሳለ፣ ስንት ሰው እንዳነበበው ለማየት ስልኬን ስንቴ እንዳነሣሁ የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለት ምዕራፍ ሳላነብ አሳልፌ ኖሮ በማግስቱ እንደገና መጀመር ነበረብኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዳያና ታሚርና ጄሰን ሚቸል የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት፣ ሰዎች ስለ ራሳቸው ለመናገር ሲሉ ሊያገኙት ከሚችሉት ገንዘብ ጥቂቱን እንደሚተዉ አሳይቷል። ስለ ራስ ማውራት ደስ ይላል ማለት ነው፤ ከፍለንም ቢሆን እናወራለን። የሰፈራችን የታክሲ ረዳቶች ይህን ለማወቅ ጥናት የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም።

ግን ደስታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ራሴ የሚያኮራኝን እጽፍ ነበር። ሰው የሚያሳፍረውን፣ ያልገባውን፣ ያመለጠውን ይዞ ለማያውቀው ሰው ለምን ይናገራል?

ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ለመድረስ መንገድ ሲዘጋ ሁለት ሰዓት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። አንድ ጠዋት ቃሊቲ ላይ አውቶቡሳችን ቆሞ ሳለ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?" አሉኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ነጭ ነጠላ፣ ጉልበታቸው ላይ የተቋጠረ ፌስታል። ልጃቸው ዐረብ አገር ናት። ድምጿን ከሰሙ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጎረቤት ሲጠይቃቸው "ደኅና ናት፣ ትናንት ደውላለች" ይላሉ። "ውሸቱን ለመድኩት" አሉኝ፤ "አሁን አሁን የደወለች እየመሰለኝ ትናንት ምን አለችኝ ብዬ አስባለሁ።" እኔ ምንም አላልኩም፤ የሚባል ነገርም አልነበረኝም። ሳሪስ ስንደርስ ነጠላቸውን አስተካክለው "በይ ደኅና ዋዪ" ብለውኝ ወረዱ። ለሃያ ዓመት ጎረቤት ያልነገሩትን ለእኔ ነግረው ወረዱ፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ጂኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ እንግዳ ሰው በጻፈው ላይ ይህንኑ ነገር አንሥቶታል። ሰው ከቅርብ ወዳጁ በጥንቃቄ የሚደብቀውን፣ ኑዛዜ የሚመስለውን ነገር፣ ከውጭ ለመጣ እንግዳ ይገልጥለታል። እንግዳው የሰፈሩ ሚዛን የለበትም፤ ነገ ዕድር ላይ አያገኝህም፤ ለልጅህ ሚስት የሚጠይቅልህ እሱ አይደለም። ለማላውቃቸው ሰዎች መጻፍ ለእኔ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። አደባባይ ነው ሲሉ ይገርመኛል፤ አደባባይ ላይ የሚያውቅህ ሰው ነው የሚያይህ። ይህ ግን ከሰፈርህ የራቀ፣ መንገድ የተዘጋበት አውቶቡስ ነው። ልዩነቱ፣ እኒያ እናት ሳሪስ ላይ ወረዱ፤ እኔ የጻፍኩት ግን አልወረደም፤ ሱሉልታ ድረስ ሄደ። ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

ልደታ በነበርንበት ጊዜ ማንም ለማንም ምንም መንገር አያስፈልገውም ነበር። የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። የአባቴን ሳል ከእኛ ቀድመው የሚሰሙት ከሦስት ቤት ወዲያ ያሉት እትዬ ነበሩ፤ ዳማከሴ ይዘው ይመጣሉ። ማን እንደተጣላ፣ የማን ደመወዝ እንዳለቀ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ ይታወቃል። ገመና የሚባለው ነገር የሚሸሸግ ሳይሆን ሁሉም እያወቀ የማይናገረው ነበር። እኔ ያኔ ያን ሰፈር ልሸሸው እንጂ ልናፍቀው የምችል አይመስለኝም ነበር። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ስንመዘገብ ከሁሉ በላይ የተመኘሁት የራሴን በር ነበር። ስንጠብቅ ስንጠብቅ ዕጣው ወጣልን፤ በሩም ተገኘ። አሁን በፎቃችን አራት በሮች አሉ፤ ከአራቱ የአንዱን ጎረቤት የአባት ስም የማውቀው የመብራት ደረሰኙ በስህተት እኛ በር ሥር ስለገባ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው። የሚያስተላልፈው ውሃ ሲመጣ የሚመታውን ያህል ነው።

ታዲያ አባቴ ለአሥር ዓመት ያህል ሲደክመው ማንም አልሰማም። ልደታ ቢሆን ኖሮ እትዬ ማሰሪያውን አይተው በሦስተኛው ቀን "አንቺ፣ አባትሽን ሐኪም ቤት ውሰጂው" ይሉኝ ነበር።

ወንድሜ በማግስቱ እንደገና ደወለ፤ ቁጣው በርዶ ክርክር ሆኖ ነበር። "በእኛ ባህል እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የሆድን በሆድ ነው" አለኝ። እዚህ ላይ አልተስማማሁም፤ እስካሁንም አልስማማም። ሆድ ይፍጀው የሚለው ቋንቋችን፣ ለሚያለቅስ ሰው "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" የሚለውም እሱው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል። ለቅሶ ቤት አስለቃሿ ስትነሣ የሟችን ጓዳ በግጥም ትገልጠው የለም እንዴ? አዝማሪው ባለቤቱ ፊት ያልተባለውን አይልም? ንስሐ አባት የተቀመጠው ለምንድን ነው? እኛ የውስጣችንን የማናወጣ ሕዝብ አይደለንም፤ ለማውጫው ሥርዓት ያለን ሕዝብ ነን። ለእያንዳንዱ ነገር ቦታና ልብስ አለው። ይህን ስነግረው ወንድሜ ዝም ብሎ ቆየና "እንግዲያውስ አንቺ ወርቁን ያለ ሰም ነው ያቀረብሽው" አለኝ። የመለስኩለት ነገር የለም። ማተሚያ ቤት የምሠራው እኔ ነኝ፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን የእሱ ተሻለ።

እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔንቤከር ከባልደረባው ከሳንድራ ቢል ጋር ያሳተመው ሙከራ አለ። 46 ተማሪዎች በተከታታይ 4 ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። አንዳንዶቹ ስለ ተራ ነገር፣ ሌሎቹ በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር ጻፉ። ስለ ደረሰባቸው ነገር ሁኔታውንም ስሜታቸውንም አብረው የጻፉት፣ በቀጣዮቹ ወራት ወደ ተማሪዎች ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነበር። መጀመሪያ ይህን ሳነብ ለወንድሜ የምመልሰው መልስ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ሙከራው የሚደግፈው እሱን እንጂ እኔን አይደለም። ተማሪዎቹ የጻፉትን አደባባይ ይዘው አልወጡም፤ መጻፉ ብቻ በቃቸው። እንደዚያ ከሆነ እኔም ጽፌ እሳት ውስጥ ልጨምረው እችል ነበር። ይወጣልኝ ነበር። አባቴም ከዕድሩ ደብተር ጀርባ ወጥቶለት ይሆናል።

እና ለምን አላቃጠልኩትም?

የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የምትገኝ አንዲት ልመና አለች፦ "ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ፣ ወለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ፣ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ ኅቡረ ይምሐሮሙ።" የጻፈውን፣ ያጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጐመውን፣ ቃሉን የሰማውንም በአንድነት ይማራቸው። ጸሐፊው ወራት ሙሉ ቆዳ ላይ ጎንብሶ የሌላ ሰው ቃል ሲገለብጥ ኖሮ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ቦታ ሲያገኝ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ የማያውቁት ሰዎች እንዲያስቡት። ሥራዬ የሌላ ሰው ቃል ላይ መጎንበስ ስለሆነ ይሆናል፣ ያቺን "ኅቡረ" የምትል ቃል በጣም እወዳታለሁ። ጸሐፊውንና ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሚያነበውን ሰው አንድ ወንበር ላይ ታስቀምጣቸዋለች።

የ17ኛው ክፍለ ዘመን የፍልስፍና ጽሑፍ ነው ስለሚባለው ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ የሚነሣውን ክርክር ሳስብም የሚመጣብኝ ይኸው ነው። ጽሑፉ ራሱ እንደሚለው ደራሲው አክሱም አጠገብ የተወለደ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ተቀመጠ፤ በስተርጅናው በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና የልቡን ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደግሞ ይህን ሁሉ የጻፈው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መጽሐፉን አገኘሁት ያለው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ ነው አለ። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም፤ ሊቃውንቱ ይፍቱት። እኔን የሚገርመኝ በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ሰው መቀመጡ ነው። ወይ ዕድሜ ልኩን ያሰበውን ለሰው ሳይናገር ኖሮ በመጨረሻ ለአንድ ተማሪ ያስረከበ ሽማግሌ ነው፤ ወይ ከአገሩ ርቆ፣ ያሰበውን በራሱ ስም መናገር ፈርቶ የሌላ ሰው ስም የተዋሰ መነኩሴ ነው። ሁለቱም ሊያቃጥሉት ይችሉ ነበር።

ጽሑፌን አንብበው መልእክት ከላኩልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ስለ እኔ አባት ምንም አላሉም። ስለ ራሳቸው አባት ነው የጻፉት። አንዷ "የእኔ አባት ደረጃ መሀል ቆሞ ስልክ ያወራል፤ ከወዲያ በኩል ማንም የለም" አለችኝ። አንዱ "የእኔ መስኮት ከፍቶ ዝናብ መጣ አልመጣ ያያል፣ በበጋም" ብሎ ጻፈ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እያነበብኩ ስስቅም ሳለቅስም ነበር። ይህን ያህል ሽማግሌ በዚህ ከተማ ደረጃ ላይ ሰበብ እየፈለገ ያርፋል ማለት ነው። ያኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወንድሜ ትክክል ይሁን እኔ ማሰብ ተውኩ።

ደብተሩ ግን የእኔ አልነበረም፤ ይህን አምናለሁ። ስለ ራሴ ስንፍና የፈለግኩትን ልጻፍ፤ "ዛሬ ደከመኝ" የአባቴ ቃል ነው፤ እሺ የሚለኝ ደግሞ የለም። ከአባቴ ቀጥሎ መጠየቅ የነበረባት እናቴ ናት፤ እሷን ደግሞ ጭራሽ ሳልጠይቃት ነው ያወጣሁት። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ስልክ ላይ አታነብም። አታውቅም ብዬ ነበር። ለካ የወንድሜን ጩኸት ከጓዳ ሆና ሰምታዋለች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሌሊት ጋቢዋን ደርባ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ውሃው አልመጣም። "እስቲ ያን የጻፍሽውን አንብቢልኝ" አለችኝ።

አነበብኩላት። ድምፄ ሁለት ቦታ ላይ እምቢ አለኝ። ማሰሪያው ላይ ስደርስ ሳቀች።

"አንቺ ከኋላ ነበር የምትመጪው፤ እኔ የት ነበርኩ?" አለችኝ።

"አንቺማ ሁልጊዜ ከፊት ነበርሽ እማዬ፤ ቁልፉን ከቦርሳሽ ትፈልጊያለሽ።"

"ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?"

አሰብኩ። ቁልፉ ሁልጊዜ በክር አንገቷ ላይ ነው።

ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ ያልጠየቅኳትን ነገር ነገረችኝ። አባቴ ወጣት ሳለ ግጥም ይጽፍ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ሲጀመር፣ አያቴ ደብተሩን ከፍራሽ ሥር አውጥታ አንድ በአንድ እየቀደደች ከሰል ምድጃው ውስጥ ጨመረችው። እሱም ተቀምጦ አየ። "ሽሮ ሠራችበት፤ በልተነዋል ይለኝ ነበር" አለች። ከዚያ ወዲህ ከፊርማው በቀር ሲጽፍ አላየችውም።

"ማን ነው ይህን የሚያነበው?" አለችኝ፣ ስልኩን በአገጯ እያመለከተች።

"የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው።"

"ነፍስ ይማር ይላሉ?"

"ብዙዎቹ ብለዋል።"

"በማን ስም?"

መልስ አልነበረኝም። ጽሑፉ ውስጥ አባቴ ብቻ ነው ያልኩት፤ ስሙን የትም አልጻፍኩም። ገመናውን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር።

"ስም ሳይዙ እንዴት ያስቡታል? የክርስትና ስሙን ጻፊላቸው እንጂ።"

የአባቴን የክርስትና ስም አላውቀውም ነበር። ስለ እሱ ይህን ሁሉ ጽፌ አላውቀውም። ደብተሩን ከመሳቢያ አምጥቼ ከመጨረሻው መስመር ሥር እስክሪብቶ ይዤ ጠበቅኩ። እናቴ ስሙን ነገረችኝ፤ በየትኛው "ጸ" እንደሚጻፍ ስጠይቃት "እኔ ምን አውቃለሁ፤ የጽሕፈቱ ሠራተኛ አንቺ" አለችኝ። መጻፍ ስጀምር ቧንቧው ጉሮሮውን ጠራረገ። እናቴ ቀድማኝ ተነሥታ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታች።